ያልደረሰው ድሪ

ሐረር፣ ሸዋ በር
ኅዳር 20 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለሙሜ፣ ጅቡቲ

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህ ደብዳቤ የዚያ አገር ሙቀት በረድ ብሎልህ፣ የጉልበትህም ሕመም ለቆህ እንዲያገኝህ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ኢድ በሰላም አለፈ። ለሙና የላክኸው ጨርቅ ተሰፍቶላት ለብሳዋለች፤ ትከሻው ላይ ትንሽ ጠበባት፤ ልጅህ አንተ ከምታውቃት በላይ አድጋለች። ሶፊ ያለው ወንድምህ ዝናቡ ቶሎ በመቆሙ የጫቱ ቅጠል አነስ ቢልም ዋጋው እንዳልከፋ ነግሮኛል። የላይኛውን ክፍል ጣሪያ ከረመዳን በፊት አስጠግኜዋለሁ፤ አሁን አያፈስም።

ይህን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። የማታ ትምህርቱን አልተውኩም። ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሠኝ፤ ለሌላ ሰው እየነገርኩ የማስጽፈው ነገር አይደለም። አንተም ለብቻህ ሆነህ አንብበው።

ስለ ካርዱ ክስ በአጭሩ ለጻፍኩልህ በረመዳን የላክኸው መልስ ደርሶኛል። «ከፈረንጁ ጋር የነበረችውን ልጅ ስም ለካርድ ድርጅቱ ስጪና ገንዘባችን ይመለስ፤ ካርዱን በስህተት ሁለት ጊዜ አትመሽው ከሆነም ለእኔ አትደብቂኝ» ብለሃል። መልሱን ያዘገየሁት ተናድጄ እንዳልጽፍልህ ነው። አሁን ነገሩ ስላለቀ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ሰውየው አንተ ከሄድክ በኋላ ለውሃ ቧንቧ ሥራ የመጣ መሐንዲስ ነው። ፀጉሩ የሸበተ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአንዲት ልጅ ጋር ሱቅ ገባ። ልጅቷ የዚችው ከተማ ልጅ ናት፤ በራሷ ደመወዝ የምትተዳደር፣ እናቷ የሞተችባት ጨዋ ልጅ። ስሟን ለአንተም አልጽፍልህም፤ ሥራዋንም አልነግርህም። መሐንዲሱ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ስፌቶች ትልቁን መረጠ። ልጅቷ «ለእህቱ ነው» ብላ ተረጎመችልኝ። በጥሬ ገንዘብ ፈንታ የሚከፍልበትን ካርድ ድርጅቱ በሰጠን ማሽን ላይ አስቀምጬ የሂሳብ ወረቀቱን አተምኩ፣ ፈረመ። እኔም «ባረከላህ» ብዬ ሽያጩን ዘጋሁ።

ስፌቱን ስጠቀልል ልጅቷ መደርደሪያው ላይ የነበረውን የብር ድሪ አንገቷ ላይ አድርጋ መስታወት ፊት ቆማለች።

«እትዬ ሐሊማ፣ ይሄ ለእኔ ይከብዳል፣ አይደል?»

«ለአንገትሽስ አይከብድም፤ የሚከብደው ዋጋው ነው» አልኳት፤ ሁለታችንም ሳቅን።

መሐንዲሱ ስንስቅ አይቶ «ይሄም» አለ። ከአማርኛ የሚያውቃት ቃል እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ካርዱን እንደገና ተቀብዬ ሁለተኛ ወረቀት አተምኩ። እስክሪብቶውን ግን አልሰጠሁትም። የእኛን ልማድ ታውቀዋለህ፤ ገዢ አንድ ጊዜ ገብቶ ይዞት የሚወጣው ሁሉ በአንድ ቃል ይዘጋል። ባረከላህ ካልኩ በኋላ «ደግመህ ፈርም» ማለት እንግዳን ተከትዬ በር ላይ እንደ መፈተሽ ሆነብኝ። ድሪው በልጅቷ አንገት ላይ ሆኖ ከሱቅ ወጣ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ፣ ከድርጅቱ፣ ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤው እንደሚለው መሐንዲሱ አገሩ ገብቷል፤ ሂሳቡ በፖስታ እቤቱ ሲደርስ የከፈተችው ሚስቱ ናት። ሂሳቡ ላይ ከተጻፉት ስፌቱ ደርሷታል፤ ድሪው ግን አልደረሳትም። የት ሄደ ብላ ስትጠይቀው «ድሪ አልገዛሁም፤ ሴትዮዋ ካርዴን ሁለት ጊዜ አትማብኛለች» አላት፤ ይህንኑም ጽፎ ፈረመ። ድርጅቱ እኔን ከመጠየቁ በፊት ገንዘቡን ከእኛ ሂሳብ ላይ ይዞታል።

በማግሥቱ ወደ ልጅቷ ሄድኩ። ምስክር ትሆነኛለች ብዬ ነበር የሄድኩት፤ አልዋሽህም። ደብዳቤውን ስነግራት ቁጭ አለች።

«ሚስት? እትዬ፣ ሚስቴ ሞታለች ነው ያለኝ። ስፌቱንስ ለእህቴ ነው አላለም? የተረጎምኩልሽ እኔው አይደለሁም?»

ለካ በነሐሴ ሰውየው ሲሄድ ሁሉ ነገር አብሮ አብቅቷል። አሁን አንድ አስተማሪ ሽማግሌ ልኮ እሺ ተብሎለታል፤ ሠርጉ በጥር ነው። ድሪውን የአስተማሪው እናት አይተው ከየት እንደመጣ ጠይቀዋት «የእናቴ ነው» ብላቸዋለች። ይህን ስትነግረኝ እያለቀሰች አልነበረም፤ ፊቷ ብቻ አመድ መስሎ ነበር።

«ስሜን ስጪያቸው» አለችኝ። «አንቺ ሌባ ተብለሽ እኔ አልዳርም። ከፈለግሽ ራሴ መጥቼ እናገራለሁ። ይኸው፣ እሱንም ውሰጂው።» እጇን ወደ አንገቷ ስታነሳ ያዝኳት።

«አውልቀሽ ለአማትሽ ምን ልትያቸው ነው? ጠፋ? የእናትሽ ድሪ?»

እጇን አወረደች። ከደመወዟ እየቆረጠች እንደምትከፍለኝ ነገረችኝ። አላህ ያውቃል፣ እምቢ አላልኩም። ንግድ ነው፤ ደግሞም እምቢ ብላት ኖሮ መንገድ ላይ ቀና ብላ ልታየኝ የምትችል አይመስለኝም።

የድርጅቱ ተቆጣጣሪ አቶ ኃይለመስቀል በረመዳን ከአዲስ አበባ መጡ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ መጾማችንን ስላወቁ የቀረበላቸውን ውሃ እንኳ አልነኩም። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጓቸው።

«ወይዘሮ ሐሊማ፣ ይኸኛው ፊርማ አለው። ያኛው የለውም።»

«ሁለት ዕቃ ነው የሸጥኩት፣ አቶ ኃይለመስቀል።»

«እኔ አምንዎታለሁ። የእኔ ማመን ግን ውሉ ውስጥ የለም።»

ከዚያ አንተ የፈረምክበትን ውል አውጥተው አነበቡልኝ። ገዢው ክፍያውን ከተቃወመ ነጋዴው ዕቃውን ማን እንደተረከበ በፊርማ ወይም በምስክር ያስረዳል፤ ካላስረዳ ኃላፊነቱ የነጋዴው ነው፤ ገንዘቡንም ይመልሳል ይላል። እንዲደግሙልኝ ጠየቅኋቸው፣ ደገሙልኝ። አማርኛው ግልጽ ነው፤ አታለሉን አልልም። በእኛ ገበያ ቅር ያለው ገዢ ዕቃውን ይዞ ይመጣል፣ ጎረቤት መሐል ይገባል፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ይነጋገራሉ። እዚህ ግን ከሳሹ ባሕር ማዶ ነው፤ ለጥያቄ የሚቀርበው ሱቅ ውስጥ የተቀመጠው ብቻ ነው።

«አብሮት ሰው አልነበረም?» አሉኝ። «አስተርጓሚ እንኳ? አንድ ስም ይስጡኝና ጉዳዩ እዚሁ ያልቃል።»

ስሟ ምላሴ ላይ ነበር። አንተ የጻፍክልኝም ትዝ አለኝ።

«አላስታውስም» አልኳቸው።

እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «አያስታውሱም ወይስ አይነግሩኝም?»

«ለውሉ ልዩነት አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው አላስታውስም አለች ብለው ይጻፉ።»

ጻፉ። እኔም ፈረምኩ። ገንዘቡ በዚያው ቀረ፤ ማሽኗንም ይዘዋት ሄዱ። ሲወጡ አንዲት ትንሽ ሙዳይ በጥሬ ገንዘብ ገዙ፤ ዋጋም አልተከራከሩኝ።

ፈረንጆቹን ከሆቴል የሚያመጡልን ልጆች አሁን በእኛ በር እያለፉ ወደ ሌላ ሱቅ ይወስዷቸዋል። ጎረቤታችን ሳኒን ታውቀው የለ፤ ጠዋት ጠዋት ሱቁን ሲከፍት «ያ ሐሊማ! ለእኔም እስቲ ሁለት ጊዜ አትሚልኝ፣ እኔም እንዳንቺ ሀብታም ልሁን!» ይለኛል። «የአንተ ካርድ አንድ ጊዜም አይችል!» እለዋለሁ፤ ሰዉ ይስቃል፣ አብሬ እስቃለሁ። እቤት ስገባ ግን አይስቀኝም። ከአባትህ ጊዜ ጀምሮ በዚህ ሱቅ ማንም ተታለልኩ ብሎ አያውቅም። ይህን ስምህን ጭምር የሚነካ መሆኑን አውቄ ነው ያደረግኩት፤ ስለዚህ ብትቆጣ መብትህ ነው። ነገር ግን የእኔ ስም ዕቃ በሸጥኩ ቁጥር እየታጠበ ይሄዳል። የዚያች ልጅ ስም በምን ይታጠባል?

ደግሞ ሌላም ያሰብኩት አለ። አንተ ያቺን የፈረንጅ ሴት በደብዳቤህ ሰድበሃታል። እኔ አልሰደብኳትም። ያልደረሳትን አልደረሰኝም አለች፤ እውነቷን ነው። የልጅቷን ስም ጽፌ ብሰጥ ወረቀቱ አዲስ አበባ አይቀርም፤ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እሷ ገበታ ላይ ነው። ያን ሁሉ ዘመን አብራው ኖራ በስተርጅና ይህን ከምታነብ፣ ሐረር ውስጥ ሐሊማ የምትባል አንዲት ሌባ ነጋዴ አለች ብላ ብታምን ይሻላታል። ስፌቱን ግድግዳዋ ላይ ሰቅላ እኔን ትርገመኝ። እርግማኑ ባሕር ተሻግሮ እስኪደርስ ይደክመዋል።

ለሱቁ አትስጋ። ከድሬዳዋ ጨርቅ ማምጣት ጀምሬያለሁ፤ የገጠር ሰው በጥሬ ገንዘብ ይገዛል። ከአንተ ምንም አልጠይቅም።

ባለፈው ሐሙስ ዓሊዪ ከጅቡቲ ሸቀጥ ይዞ መጣ። ሰላምታህን አደረሰልኝ። ሱቁ ውስጥ ሰው ነበር፤ ሳኒም ነበር። ዓሊዪ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ «እንኳን ደስ ያለሽ! ሙሜ ያንን የወርቅ አምባር ሲገዛ አብሬው ነበርኩ። ይሄ ሁሉ ለማን ነው ብለው፣ ለሐሊማ ነዋ፣ ለሌላ ለማን ሊሆን ነው አለኝ። ለኢድ ደረሰልሽ?» አለኝ።

ሁሉም ወደ ባዶ እጄ አዩ። የቀሚሴን እጅጌ ወደ ታች ሳብ አደረግኩና «ደርሶኛል፣ አላህ ይስጠው» አልኩ። «ለምን አላደረግሽውም?» ሲለኝ «ሱቅ ውስጥ ወርቅ አላደርግም» አልኩት። ሳኒ እንኳ አልቀለደም።

ምንም እየጠየቅኩህ አይደለም፣ ሙሜ። አምባሩ የገባበት ቤት የሐላል ከሆነ ቀኑ ሲደርስ አንተው ትነግረኛለህ። ሙና ግን በየወሩ መጨረሻ ከድሬዳዋ የባቡሩ መንገደኞች የሚገቡበት ሰዓት ሲደርስ አንተን እየጠበቀች በር ላይ ትቆማለች፤ ይህን እንድታውቀው ብዬ ነው።

ጉልበትህን በሰሊጥ ዘይት አሳሽ፤ ባሕር ዳር ማታ ማታ አትቀመጥ። አላህ ከክፉ ይጠብቅህ፣ ሪዝቅህን ያስፋልህ፣ ልብህን ያሳርፍልህ። ሙና እጅህን ትስማለች።

ዓሊዪ ወደዚያ ሲመለስ ስለ አምባሩ ይጠይቅህ ይሆናል። ደርሷታል በለው። ቃላችን አንድ ይሁን።

የሙና እናት
ሐሊማ