የቆመ መኪና የማያልፉት ኣቶ ኣፅብሃ ገብረዝጊ (1955–2018 ዓ.ም.)

ኣቶ ኣፅብሃ ከከባድ መኪና ሾፌሩ ከኣቶ ገብረዝጊ ተስፋልደትና ከወይዘሮ ኣስካል ገዛኢ፣ በጥቅምት ወር 1955 ዓ.ም. በመቐለ፣ በስተሰሜን፣ ወደ ውቕሮ በሚያወጣው መንገድ ዳር ተወለዱ። ሙያቸውን የጀመሩት ጋራዥ ሳይገቡ፣ በእናታቸው ሰፌድ ላይ ነው። አባታቸው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ካርቡራተር ይፈቱና ብሎኖቹን በወጡበት ተራ ሰፌዱ ላይ ይደረድራሉ። ትንሹ ኣፅብሃ ዓይናቸውን ጨፍነው መልሰው እንዲገጥሙ ይታዘዛሉ። ሰፌዱ ዘይት ሲጠጣ እናታቸው ተቆጡ፤ ተቆጥተውም ለብሎን ብቻ የሚሆን ሌላ ሰፉላቸው። የቤቱ ሕግ አንድ ነበር፤ መንገድ ላይ የቆመ መኪና አይታለፍም።

በ1974 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው በረዳት መካኒክነት ተቀጠሩ። በ1985 ዓ.ም. በመቐለ ሓድነት ክፍለ ከተማ ውስጥ የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። በ1988 ዓ.ም. ከደሴ ተመድበው የመጡትን መምህርት ፋንታዬ ጣሰውን አግብተው ልጃቸውን ኣርሴማን አፈሩ።

ሰኔ 2013 ዓ.ም. ወይዘሮ ፋንታዬ የታመሙ እናታቸውን ሊያስታምሙ ከኣርሴማ ጋር ወደ ደሴ ሄዱ። ሁለት ሳምንት ብለው ነበር። በዚያው ወር በጦርነቱ ምክንያት መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ተቋረጠ። ኣቶ ኣፅብሃ መንገዱ የተከፈተ ዕለት እነሣለሁ ብለው የራሳቸውን ቶዮታ አሰናድተው አቆሙ። መለዋወጫ ግን ወደ ከተማው አይገባም፤ ሰውም መኪናው በቆመ ቁጥር ወደ እርሳቸው ይመጣል። ሞተር ማስነሻውን፣ ሞተሪኖውን፣ ፈትተው ለአምቡላንስ ሰጡ። ዲናሞው እህል ለሚያመላልስ መኪና ሆነ። ጎማዎቹም ተራ በተራ ሄዱ፤ ቶዮታው በድንጋይ ላይ ቀረ። ይህን የምጽፈው ታናሽ እኅታቸው ዕፀገነት፣ አንዴ እንኳ የለም በል ብዬ ለምኛቸዋለሁ። በአባታችን ቤት የለም ማለትን ማን አስተማረኝ አሉኝ። ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ዛሬም አልበረደልኝም። የከተማው መዘጋት ሳያንስ፣ ደግነታቸው ደግሞ ሌላ በር ዘጋባቸው።

በዚህ መሐል አንድ መንገደኛ እንደምንም ሾልኮ ደሴ ደርሶ ኣፅብሃ የሚባል የመቐለ መካኒክ ማረፉን ተናገረ። ያረፈው ሌላ ሰው ነበር፤ ይህን ግን ማን ያጣራ? ወይዘሮ ፋንታዬ ጥቁር ለበሱ፣ ሐዘን ተቀመጡ። ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ስልክ ሲከፈት ወንድሜ ደወሉ። ወይዘሮ ፋንታዬም ድምፁን ለይተው፣ «እኔ እኮ ተስካርህን አውጥቻለሁ» አሏቸው። ቶዮታው መነሣት ስላልቻለ፣ በጥር ወር በአውሮፕላን የመጡት ወይዘሮ ፋንታዬ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የጋራዡ ደንበኞች ወንድሜን ተስካሩ የተበላለት እያሉ ሲቀልዱባቸው፣ ከሁሉ አብልጠው የሚስቁት ራሳቸው ነበሩ።

ኣቶ ኣፅብሃ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በዓይደር ሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በ63 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና እኅታቸውን ትተዋል።

ወይዘሮ ፋንታዬ ለባለቤታቸው ሲያለቅሱ ይህ ሁለተኛቸው ነው። በፊተኛው ጊዜ አስከሬን ሳያዩ፣ መቃብሩ የት እንደሆነ ሳያውቁ አለቀሱ። አሁን ግን የባለቤታቸውን ዓይን በገዛ እጃቸው ከድነዋል። እግዚአብሔር የወንድሜን ነፍስ በደጋጎቹ ማኅበር ይቀበልልን፤ ለወይዘሮ ፋንታዬም ይህኛውን ሐዘን የሚችሉበት ጽናት ይስጥልን።