«ባደረባቸው ሕመም» ያልተባለላቸው አራሚ

በቤተሰቡ ዘንድ «ነጠላ ሰረዝ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቁት የዛሬዋ ሟች፣ ከአናጢ አባታቸውና ከስልክ ኦፕሬተር እናታቸው በዚህችው ከተማ ተወለዱ። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ሰው ወሬውን ሳይጨርስ እያቋረጡ ስለሚያርሙ ነው።

ትምህርታቸውን አጠናቀው በሃያ ሁለት ዓመታቸው በማተሚያ ቤት አራሚነት ተቀጠሩ፤ ሕመሙ እስካስወጣቸው ድረስም የቀለም ሽታ ከማይለያት ጠባብ ክፍላቸው አልወጡም። ከማሽን ሠራተኛው ባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት፣ ሠራተኛው ሁለት ገጾች ገልብጠው በማተማቸው እሳቸው ሲቆጧቸው ነው። ተቆጥተውም አልቀሩ፣ አገቧቸው፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

የማተሚያ ቤቱ ዋና ገበያ እንዲህ ያለው የቀብር ጽሑፍ ነበር። «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» የሚለውን ሐረግ አንድ ፊደል ሳይዛነፍ ለስንቱ አሳልፈዋል፤ ለገዛ እናታቸው ጭምር። ምን ሕመም ብለው አልጠየቁም፤ ቤት ውስጥ «ጨጓራ ነው» ተብሎ ነበርና።

በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ግራ ጡታቸው ላይ ጠጠር ያለ እብጠት አገኙ። ስላላመማቸው ከዓመት በላይ ተዉት። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። ጠያቂው ሁሉ ምክንያቱን ይዞ መጣ፤ ጎረቤት ጡት መያዣውን፣ የባል ዘመድ ደረታቸው ላይ የሚሸጉጡትን ሞባይል፣ ሌላው አንድ ቀን የገጫቸውን የቁም ሳጥን በር ከሰሰ። ሐኪሟ ሦስቱንም ተከሳሾች በነጻ ለቀቁ። የአንድን ሰው ሕመም መነሻ ለይቶ መናገር ብዙ ጊዜ እንደማይቻል፣ በአንዳንድ ቤተሰብ ግን በዘር እንደሚወረስ አስረድተው፣ ከዘመድ በጡት ካንሰር የታመመ እንዳለ ጠየቁ።

«ኧረ የለም! የእኛ ዘር ጣጣው ጨጓራ ነው» ሲሉ መለሱ። አብረዋቸው የሄዱት የእናታቸው ታናሽ ወንድም ይህን ሲሰሙ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ማሰር ጀመሩ።

ከሁለተኛው ኬሞቴራፒ በኋላ፣ ፀጉራቸው ሲረግፍ ያዩት አጎት አላስችል ብሏቸው አወጡት። «እናትሽም አያትሽም እሱው ነበር። ሴቶቹ ባል እንዳታጡ ብለን እኮ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«ጋሼ፣ እኔ ባል እንዳላጣ ብላችሁ ባሌን ሚስት ልታሳጡት ነው!»

ወዲያው ታናሽ እህታቸውንና ሴት ልጃቸውን ለምርመራ ላኩ። እህት «እኔ ምንም አላመመኝም» ቢሉ፣ «እኔንስ መች አመመኝ?» ተባሉ። ሽንብራ የምታህል እብጠት ተገኘች። በቀዶ ሕክምና ወጥታላቸው፣ ጨረር ወስደው፣ ዛሬ ኪኒናቸውን እየዋጡ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። የሟች ሴት ልጅ ነጻ ናት፤ ክትትሏን ግን አታቋርጥም።

ይህ ጽሑፍ በሕይወት ሳሉ ቀርቦላቸዋል፤ እሳቸው ሳያርሙት መታተሙ አይታሰብም። አጎታቸው ካዘጋጁት ረቂቅ ላይ የተለመደውን ሐረግ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው «በጡት ካንሰር» ብለው ጻፉ። ከጎኑም «ጋሼ ራሳቸው ጮክ ብለው ያንብቡት» የሚል ትእዛዝ አከሉ። ይኸው እያነበቡት ነው።

በጡት ካንሰር ታመው በኬሞቴራፒና በጨረር ሲታከሙ ቆይተው፣ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ባለፈው ሐሙስ ጠዋት አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ አጎታቸውንና ያተረፏቸውን እህታቸውን ትተው አልፈዋል።

አምላክ ነፍሳቸውን እርማት በማያሻው ስፍራ ያሳርፍልን።