የመሪው ዘይትና ለኔ ያልነገርከኝ ነገር

ሙሌ ሆዴ፣

እንደምን ከርመሃል አልልህም፤ አንተ ካለህበት ብርድም አቧራም የለም ይላሉ። እኛ ከተለየኸን ወዲህ ሁለተኛውን ክረምት አልፈን፣ የጉና ነፋስ ፊታችንን እየላጠው ነው። ይህን ደብዳቤ ማንን ለምና አስጻፈችው ብለህ እንዳታስብ። ማንንም! የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደሉን ጨርሻለሁ። መምህሯ ሁሉንም «ጎበዝ» ትላለች፤ እኔን ስትል ግን ድምጿ ይለያል። የፈረንጁንም ፊደል አንድ ባንድ ለቅሜዋለሁ። አሁን ደብረ ታቦር ላይ የማላነበው የሱቅ ስም የለም፤ ጮክ ብዬ ስለማነብ ልጅህ አብራኝ መሄድ ታፍራለች።

ቤቱ ደኅና ነው። ጣራውን አሳድሰናል፤ ላሟም ወልዳለች። ሚኒባስህም አለች፤ እሷን ደግሞ ምን ነክቷት! ያኔ ጣውንቴ ነበረች። ሲበርድ ጋቢህን አውልቀህ ሞተሯ ላይ ስትደርብላት እኔ በነጠላ በር ላይ ቆሜ አይሃለሁ። ለሷ «እንዴት አደርሽ»፣ ለኔ «ቁርስ ደረሰ?» አይ ሙሌ!

አሁን ግን ሌላ ጣውንት መጥታብኛለች። ልጅህ ሰላም። መሪውን የያዘችው እሷ ናት። አባዬ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ነበር የሚወጣው፤ አባዬ ጎማውን በእግሩ መታ አድርጎ ነበር የሚያውቀው፤ አባዬ እንዲህ፣ አባዬ እንዲያ። ያገባሁህ እኔ፣ ስላንተ የምሰማው ከልጄ! ገበያ ለገበያ አብራህ ስትዞር የተናገርከው ሁሉ እሷ ጆሮ ውስጥ ቀረ። ቀናሁ። ለሞተ ሰው አይዋሽም፤ ወልጄ ባሳደግኳት ልጅ ቀናሁ።

ባለፈው ሳምንት ከእብናት ስንመለስ መሪው ማልቀስ ጀመረ። ባዞረችው ቁጥር እናቱን እንዳጣ ጥጃ ይጮሃል፤ ደግሞ ይጠነክራል። በማግስቱ ኮፈኑን ብንከፍት የመሪው ዘይት ተሟጦ አልቋል። እሑድ የእህትህን ልጅ ሠርገኞች ወደ ገሳይ ልንወስድ ቃል ገብተናል። ያንን ሁሉ ሰው ጭኖ፣ በዚያ ጠመዝማዛ፣ በታመመ መሪ!

መለዋወጫ ከሚሸጡት ከሐጂ ኢብራሂም ሱቅ ሚኒባሷን ይዘን ሄደን የመሪው ዘይት ማለቁን ነገርናቸው። ሰላም ሳታቅማማ የፍሬን ዘይት አነሳች።

«ልጄ፣ ይኸ እኮ የፍሬን ነው» አሏት።

«አውቃለሁ ሐጂ። አባዬ ከዚህ ሌላ ጠብ እንዳታደርጊባት ብሎኛል።»

በቃ፣ ሐጂ እጅ ሰጡ። አገራችንን ታውቀዋለህ፤ የሟች ቃል ነው ከተባለ ማን አፉን ይከፍታል? «አባትሽ ካለሽማ» ብለው ዘይቱን ሊጠቀልሉላት ወረቀት አነሱ።

እኔ ግን ከሟቹ ጋር ስከራከር የኖርኩ ሴት ነኝ! ወጣሁና ኮፈኑን ከፈትኩ። የመሪውን ዘይት መያዣ ክዳን በነጠላዬ ጫፍ ወለወልኩት። አቧራው ሲለቅ ሦስት የፈረንጅ ፊደል ብቅ አለ። ኤ! ቲ! ኤፍ! መንገደኛው ሁሉ ዘወር እስኪል አነበብኩት። ሐጂ ወጥተው አዩና «እመት ጥሩዬ፣ ዓይንዎ ይባረክ» ብለው ቀዩን ዘይት አመጡ፤ ላዩ ላይ ያው ሦስት ፊደል። እሱንም አነበብኩት፤ ማን ይከለክለኛል? የፍሬኑ ዘይት ቢገባ ኖሮ ውስጥ ያሉትን ላስቲኮች በልቶ መሪውን መንገድ ላይ ያሳጣችሁ ነበር አሉን።

«አየሽ? አባትሽ እንዲህ አላለም!» አልኳት፣ በሰው ፊት። እንዴት ያለ ደስታ መሰለህ!

ከዚያ ፊቷን አየሁት። የፍሬኑን ዘይት እንዳቀፈች ቆማለች። «ብሎኛል እኮ እማዬ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት» አለች። አንተን ከእጇ የነጠቅኳት መሰለኝ።

እንደገና ጎንበስ አልኩና የፍሬኑን ዘይት መያዣ ክዳን ወለወልኩ። አነበብኩ። የያዘችውንም ዕቃ ተቀብዬ አነበብኩ። ፊደሉ አንድ ነው! «ነይ እዪ፤ ብሎሻል። ለፍሬኑ ነው ያለሽ» አልኳት። ጎንበስ ብላ ፊደሉን በጣቷ ነካችው፤ እንባዋ ክዳኑ ላይ ጠብ አለ። ቀዩን ዘይት ራሷ ቀዳችው።

ወደ ቤት ስንመለስ መሪው በአንድ እጅ ይዞር ነበር፤ ጩኸቱም የለም። ሰላም ድንገት ሳቀች።

«አባዬ አንድ ቀን ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? እናትሽ ፊደል ብትቆጥር ኖሮ ሾፌሯ እሷ ነበረች፤ እኔ ረዳት ሆኜ በሩ ላይ እንጠለጠል ነበር አለኝ።»

ሙሌ! ይህን ለኔ ብትነግረኝ ምላስህ ይቆረጥ ነበር? አብረን ስንበላ፣ አብረን ስንተኛ ዝም ብለህ፣ ለልጅቱ መንገድ ላይ ትለዋለህ? እንደገና ቀናሁ፤ ከበፊቱም ባሰብኝ።

አልረሳህም። እንዲያውም ያልሰማሁትን አንተን ገና መልቀሜ ነው፤ ልጅህ የያዘችውን ቃል ሁሉ አንድ ሳላስቀር እጠይቃታለሁ። እኔም እሷ የማታውቀውን ሙሌን እነግራታለሁ። ሁሉን ግን አልነግራትም፤ ጥቂቱን ለራሴ እደብቃለሁ።

ሚስትህ ጥሩዬ