በአለንጋ የሚሞላ ሰዓት

ለክቡር ግራዝማች ካሴ፣
የወረዳችን ገዥ፣ የድሃ አባት፣ የጀርባችን ባለቤት፤
ካሉበት ይድረስ።

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? በተለይ ቀኝ ትከሻዎ እንደምን ሰንብቷል? ሲገርፉ ወለም ብሎዎት ሌሊቱን በቅቤ ሲታሹ ማደርዎን ሰምተን የከተማችን ሕዝብ፣ በጀርባው መተኛት የሚችለውም የማይችለውም፣ በአንድነት አዝኗል። እኔ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ እየጻፍሁ የምኖረው ወልደ ሩፋኤል እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ወንድሜ ታረቀ ግን ደህና አይደለም። ይህን ደብዳቤ በገበያው ዋርካ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳያዩብኝ እለምናለሁ። በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች ሁሉ የዘበኞችዎ ትምባሆ መጠቅለያ ሆነው ስላገኘኋቸው፣ ይህችኛዋ እንኳ ሳትጨስ ትነበብ ብዬ ነው።

አንደኛ፤ ከጥምቀት ልጀምር። በባሕረ ጥምቀቱ ዳር ዲያቆኑ የተባረከውን ውኃ ሲረጭ ጥቂት ጠብታ እጅዎ ላይ አረፈና አሮጌው ሰዓትዎ ቆመ። ሌላው ክርስቲያን ያንን ውኃ ለማግኘት ሲጋፋ እርስዎ ዲያቆኑን ከነልብሰ ተክህኖው አስጋድመው አስገረፉት። የተባረከው ውኃና የዲያቆኑ ደም በአንድ ቦይ ሲወርድ ያየን ሁሉ ስለ በዓሉ ያለን እውቀት በእጅጉ ስለጨመረ ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። በማግሥቱም ነጋዴው አዋጥቶ ውኃ የማያስገባ ሰዓት እጅ መንሻ እንዲያመጣልዎ አዘዙ። ሹም ፊት በባዶ እጅ መቅረብ ነውር መሆኑን እኛም ከአባቶቻችን ስለተማርን እሺ አልን።

ሁለተኛ፤ ስለ አመራረጣችን። ሕዝቡ እኔን፣ ታረቀንና ጠጅ ነጋዴዋን ወይዘሮ የዓለምዘርፍን ወክሎ ደብረ ማርቆስ ላከን። እዚያ አንድ ዓረብ ባለሱቅ ሦስት ሰዓት በጨርቅ ላይ ዘረጋልን። አንደኛው ወርቅ ቅብ ሆኖ ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን የጀርባው ክዳን እንደ ጋን መክደኛ እላዩ ላይ ተጭኖ የተቀመጠ ስለነበረ ታረቀ አገላብጦ አይቶ፣ «ይኸ ለሠርግ ነው እንጂ ለውኃ አይሆንም» ብሎ መለሰው። ሁለተኛው ውኃ አያስገባም፤ ሆኖም በየማለዳው የጎኑን ጉጥ እያዞሩ መሙላት ያስፈልጋል፤ እርስዎን ደግሞ በማለዳ አንዳች ነገር ያዙሩ ማለት የማይታሰብ ነው። ሦስተኛው ፊቱ ጥቁር፣ ቁጥሩ በጨለማ የሚያበራ፣ ዙሪያው በሚሽከረከር ቀለበት የታጠረ፣ ክዳኑም ጉጡም እንደ ብሎን የሚጠብቅ፣ ባሕር ውስጥ ጠልቀው ለሚሠሩ ሰዎች የተሠራ ሰዓት ነበር። የሠራው ፋብሪካ ስሙ ያልገነነ በመሆኑ ዋጋው ከአንድ ወይፈን አይበልጥም። ከሁሉ ያስደነቀን ግን የሚሞላው በባለቤቱ እጅ መንቀሳቀስ ብቻ መሆኑ ነው። ያሰረው ሰው እንደ ሰው ወዲያ ወዲህ ካለ አይቆምም፤ አውልቆ ካስቀመጠው ግን በሁለተኛው ቀን ያንቀላፋል። ወይዘሮ የዓለምዘርፍም፣ «እሰይ! ይኸስ ሳያዙት የሚሠራ ሎሌ ነው፤ በል ጠቅልልልን» ብለው ብሩን ከመቀነታቸው ፈቱ። ዛሬም ቢሆን በዚያ ገንዘብ ከዚያ የተሻለ ሰዓት ይገኛል ብዬ አላምንም።

አንድ ያላሰብነው ነገር ነበር። ክቡርነትዎ እጅዎን አያንቀሳቅሱም። ሲበሉ ያጎርሱዎታል፤ ሲታጠቡ ያሹዎታል፤ ዝንቡን ሌላ ሰው በጭራ ያባርርልዎታል፤ ማኅተሙን እንኳ የሚመታልዎ ጸሐፊዎ ነው። እጅዎን ሊስም ጎንበስ ያለ ሁሉ እንዲያየው ብለው ሰዓቱን በቀኝዎ አሰሩት፤ ቀኝ እጅዎም እንደ ልማዷ ትራስ ላይ ተጋድማ ዋለች፣ አደረች። ሰዓቱ ቆመ።

ሦስተኛ፤ ታረቀን አስጠርተው፣ «የሞተ ሰዓት ነው የሰጣችሁኝ?» ሲሉ ጠየቁት። ወንድሜ ሰው ሲጠይቀው እውነቱን መመለስ ከሕፃንነቱ የተጠናወተው በሽታ ነው። «ኧረ ጌታዬ፣ ሰዓቱስ ደህና ነው፤ የቦዘነው እጅዎ ነው። ትንሽ ያወዛውዙት» አለዎት። እጅዎን ያንቀሳቅሱ ብሎ የነገረዎ ሰው ከዚያ በፊት ኖሮ ስለማያውቅ ስድብ መሰለዎት። ከመደብዎ ብድግ አሉ፤ ያለ ደጋፊ ሲነሡ ሳይዎ የመጀመሪያዬ ነበር። የጉማሬውን አለንጋ ከገራፊዎ ከፈንታ እጅ ነጥቀው ራስዎ ጀመሩ። መጀመሪያ ሸሚዙ ተቀደደ፤ ቀጥሎ ቆዳው፤ ከዚያ በኋላ የትኛው ሸሚዝ የትኛው ቆዳ እንደሆነ መለየት አቃተን። ላብዎን ለመጥረግ ቆም ሲሉ ከእጅዎ ላይ ድምፅ ሰሙ። ሰዓቱ ይመታል። «ነቃ! ነቃ!» እያሉ እንደ ልጅ ሳቁ፤ ታረቀ እግርዎ ሥር በደሙ ላይ ተደፍቶ ነበር።

ከዚህ ነገር ማንኛውም ሰው «ለካ እጄ ሲንቀሳቀስ ይሠራል» ብሎ ይረዳ ነበር። እርስዎ ግን ከማንኛውም ሰው በላይ ስለሆኑ ሰዓቱ የሚሞላው በታረቀ ጀርባ ነው ብለው ፈረዱ። ወንድሜንም እስር ቤት አስገብተው፣ ሰዓቱ ሊደክም ነው በተባለ ቁጥር እያስወጡ ይሞሉበት ጀመር። እሱ ራሱን በሳተ ዕለት ደግሞ በደጃፍዎ የተገኘ ሁሉ ተራው ነው። የድንበር ክስ ይዞ የመጣ ገበሬ አለንጋ ቀምሶ ተመልሷል፤ ቅቤ ልትሸጥ ያለፈችው ሥራነሽም እንዲሁ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ ግራዝማች ግን በዚህ ተረት ውስጥ ተጨምረው እንደሆነ እስካሁን የነገረን የለም።

አራተኛ፤ ትከሻዎ ከተጎዳ ወዲህ ያወጡት ብልሃት ነው። ሰዓቱን ከእጅዎ ፈትተው በፈንታ ቀኝ እጅ ላይ ያሳስሩታል፤ ፈንታ ገርፎ ሲሞላው መልሰው ያጠልቁታል። ፈንታ ክፉ ሰው ነው እንዳልል፣ ከግርፊያው በኋላ ከኋላ ቤት ሄዶ እጁን በአመድ እየፈተገ ደጋግሞ ሲታጠብ በዓይኔ አይቻለሁ። የታረቀ ሚስት ጥላነሽ አገልግሏን ይዛ በእስር ቤቱ በር ትውላለች። ሸሚዙ ከቁስሉ ጋር ስለሚጣበቅ በለብታ ውኃ እያራሰች ነው የምትልጠው። «ያረሱትን ሳያርፍ መልሰው የሚያርሱት፣ ይኸ ምን ዓይነት ማሳ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን እኔ ስላላወቅሁ ለክቡርነትዎ አስተላልፌዋለሁ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። እጠላዎታለሁ። አክብሮቱ የሙያዬ ነው፤ ጥላቻው ግን የራሴ ነው።

ልመናዬ አንዲት ናት፤ ወንድሜን ይልቀቁልኝ። ጎኑ ተከፍቶ አጥንቱ ታይቷል፤ እንዲህ ከቀጠለ ትንሣኤን አያይም። ስለ ሰዓቱ እንደሆነ ደም የማያፈስ መንገድ ሞልቷል። ጧት ፊትዎን ራስዎ ይታጠቡ። እንጀራዎን ራስዎ ይቁረሱ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ እንደ ሌላው ክርስቲያን ቢያማትቡና ቢሰግዱ እስከ ማክሰኞ ያደርስዎታል። ይህ ሁሉ ከከበደዎት በሰገነትዎ ላይ ሆነው እጅዎን ወደ ሕዝቡ ያወዛውዙ፤ ሊሰናበቱን መስሎት ምን ያህል እልል እንደሚል ያያሉ።

ጥላዎ እንዳይርቀን፣ አለንጋዎ እንዳይበጠስብን እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ ሥር ያለውን አፈር፣ የማንን ደም እንደጠጣ ሳልዘነጋ፣ ዝቅ ብዬ እስማለሁ።

ከታናሹ አገልጋይዎ፣
ማመልከቻ ጸሐፊ ወልደ ሩፋኤል
መጋቢት ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ከመለጠፌ በፊት የጨመርሁት፤

ይህን ጽፌ ገና ሳልለጥፈው ልመናዬ የማያስፈልግ ሆኖ ተገኘ፤ የታረቀን ወሬ እስክሰማም ጥቂት ሳምንት ቆየሁ። ክቡርነትዎ የሚያውቁትን ሕዝቡም እንዲያውቀው ያህል ልድገመው። ፈንታ እንደ ልማዱ ሰዓትዎን አስሮ ወደ እስር ቤቱ ሲገባ፣ ዘበኞችዎ ደጅ ቆመው የአለንጋውን ድምፅ እየሰሙ ይሳሳቁ ነበር። ይገርፍ የነበረው ግን የጭቃውን ግድግዳ ነው። ዝም ሲልባቸው ገብተው ቢያዩ ግድግዳው ተሸንቁሯል፣ ታረቀ የታሰረበት ገመድ ተበጥሷል፣ እውስጥ ተሰቅሎ የነበረው የዘቡ አለቃ ጠመንጃም የለም። ፈንታ ታረቀን አዝሎ ዓባይ በረሃ ወረደ። ድልድዩ ስለሚጠበቅ በተነፋ አቁማዳ ላይ በሆዱ አስተኝቶት በዋና አሻገረው።

ከወዲያ ማዶ የመጣ የጨው ነጋዴ እንደነገረኝ ሰዓቱ አንድ ጠብታ ውኃ አላስገባም፤ ስለ ምርጫችን የነበረዎት ቅሬታ በዚህ እንደሚወገድ ተስፋ አደርጋለሁ። አሁን በታረቀ እጅ ላይ ነው። ታረቀ ጠመንጃ ሲወለውልና ዒላማ ሲለማመድ ስለሚውል አንድም ቀን አልቆመም። «ለግራዝማች ንገሩልኝ፤ ሰዓታቸውን አልሰረቅሁም። ቁስሌ ይጠግግ እንጂ ራሴ አመጣላቸዋለሁ» ብሎ ልኳል።

እኔም ጥላነሽን ይዤ ስለሄድሁ በቤቴ እንዳይፈልጉኝ። እስከዚያው ድረስ ቀኝ እጅዎን ያለማምዱ፤ ሳያስፈልግዎ አይቀርም።