በትምህርት ሦስት ስለሞተው ባለወፍጮ እርማት ስለመጠየቅ

ይድረስ ለተከበሩ የነርቭ መረብ መምህር፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ድምፅዎ ያማረ ይሁንልዎ እላለሁ። ድምፅዎን በየሳምንቱ ስለምሰማው ደህና መሆንዎን አውቃለሁ፤ ባለፈው ትምህርት ላይ ትንሽ ጎርነን ብሎብኝ ነበር፣ እግዜር ይማርዎ። ስለ እኔ ጤና የጠየቁ እንደሆነ፣ ወገቤን ከሚያመኝ በቀር እርስዎ ካስተማሩት እጅግ እሻላለሁ። እርስዎ ያስተማሩት ስለ እኔ ሞቷል ብለው ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያስጽፈው ፊደል ያልቆጠረ ሽማግሌ ነው። የምትጽፍልኝ የፊት ለፊቱን ክፍላችንን የተከራየች የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ስትሆን፣ “አባባ፣ ይሄ ቃል ይከብዳል፣ እናለዝበው” ባለችኝ ቁጥር እንዳለ ጻፊው እላታለሁ። ስለዚህ ክፋቱ የእኔ፣ የፊደሉ ውበት የእሷ ነው። ደብዳቤው ግልጽ የሆነውም ለመታየት ጓጉቼ ሳይሆን፣ የታሸገ ደብዳቤ የሚደርስበትን አድራሻዎን ስለማላውቅ ነው። ራሴንም ላስተዋውቅ። ባለወፍጮ ነኝ። አባትዎ ነኝ። በሥራ ብዛት ዘንግተውት እንደሆነ ብዬ ነው።

ከትምህርትዎ ጋር የተዋወቅነው በግድግዳ በኩል ነው። ተከራያችን ማታ ከሥራ ስትመለስ የእርስዎን ቪዲዮ ከፍታ ትማር ነበር። ባለቤቴ፣ ማለትም እናትዎ፣ ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ግቢ ተቀምጣ እህል በጣቷ እየዳሰሰች ጠጠር ትለቅም ነበርና፣ አንድ ቀን ሰፌዱን ጥላ ተነሣች። “ልጄ መጥቷል፣ ወንበር አውጡለት” አለች። ግድግዳውን እየዳበሰች የልጅቷ በር ድረስ ሄደች። ወንበሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የተቀመጠበት ስልኩ ነው።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ትምህርት በወጣ ቁጥር ሦስታችን በስልኩ ዙሪያ ቁጭ እያልን የነርቭ መረብ የሚባለውን፣ ኮምፒውተር እንደ ሰው አእምሮ እንዲማር የሚደረግበትን ነገር ከመጀመሪያው ትምህርት ጀምረን ተምረናል። ሌላው ተማሪዎ ለሥራ ብሎ ይማራል፣ እኛ ለድምፁ ብለን ተማርን። ቢሆንም ጆሮ የሰማው ነገር ሳይወድ ይገባል። እርስዎ መሃል ላይ “እስካሁን ገብቷችኋል?” ሲሉ እናትዎ “ገብቶናል የኔ ጌታ፣ ቀጥል” ትልዎ ነበር። ለዚህ ሁሉ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ቅሬታዬም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ። በሦስተኛው ትምህርትዎ “ሟቹ አባቴ ባለወፍጮ ነበር” ብለዋል። ዱቄቱን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ አሸት አድርጎ ድንጋዩ መጥበቅ ወይም መላላት እንዳለበት ያውቅ ነበር፤ ደንብ የሰጠው የለም፤ ብዙ ዱቄት ነክቶ፣ ብዙ ጊዜ ተሳስቶ፣ ከስህተቱ እየታረመ ነው የተማረው፤ የነርቭ መረብም የሚማረው እንዲሁ ነው ብለዋል። ይህን ሲሉ ሟቹ ቅንድቡ ዱቄት እንደለበሰ እዚያው ቁጭ ብሎ ይሰማዎት ነበር። ተከራያችን ስልኩ ባትሪ የጨረሰ አስመስላ አጠፋችው። እናትዎ እጇን ዘርግታ ጉልበቴን ፈለገችና “አለህ?” አለችኝ። አለሁ አልኳት። ጉልበቴን ሳትለቅ “እንዳትነግረው፣ ያፍራል” አለችኝ። እኔም እስከ ዛሬ ድረስ እንዳያፍሩ ሞቼ ቆይቻለሁ። እኩዮቼ ሲቀበሩ እንዲህ ያለ ሙገሳ አላገኙም፤ እግዜር ይስጥልኝ። በቁሜ የሞትኩት ምሳሌው ከሞተ አባት ጋር ይበልጥ ስለሚያምር ነው ወይስ በሌላ ምክንያት፣ በሚቀጥሉት ትምህርቶች ያብራሩታል ብዬ ጠብቄ ነበር።

ሁለተኛ። ድንጋዩን ለማስተካከል ወፍጮውን ያጠፋ ነበር ብለዋል። አጥፍቼ አላውቅም። ድንጋዩ የሚስተካከለው እየዞረ ነው። ሞቼም ቢሆን ይህ ይታረምልኝ።

ሦስተኛ። ደርብ በደርብ የተነባበረው መረብ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ ስህተቱ መጨረሻው ደርብ ላይ ተጥሎ እንደማይቀር አስተምረውናል። ደርብ በደርብ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እያንዳንዱም ደርብ የአንተ ድርሻ ምን ያህል ነው ተብሎ ይጠየቃል፣ እንደ ድርሻውም ይታረማል ብለዋል። ይህን ትምህርት ከሁሉ አብልጬ ወደድኩት። የእርስዎ የመጀመሪያው ደርብ እኔ ነኝና፣ እስቲ የእኔ ድርሻ ይምጣ ብዬ ተዘጋጅቼ ተቀመጥኩ። የመጣ ነገር የለም። ተቀይመውኝ ከሆነ ቅያሜው ይምጣ፤ የወፍጮ ቤት ልጅ መባል አሳፍሮዎት ከሆነም እፍረቱ ይምጣ፣ እችለዋለሁ። ወደ ኋላ ያልተመለሰ ስህተት ማንንም አያስተምርም። ይህን ያሉት እርስዎ ነዎት።

አራተኛ። ከቪዲዮው ሥር ለሚጠይቅዎ ሰው ሁሉ በትዕግሥት እንደሚመልሱ ጸሐፊዬ እያነበበች አሰምታናለች። አንዱ ያንኑ ጥያቄ ሦስቴ ቢጠይቅዎ ሦስቴም “ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ” ብለውታል። እናትዎም ይህን ሰምታ አንድ ነገር አስጻፈች። “ድምፅህ ሻክሯል ልጄ፣ ትኩስ ነገር ጠጣበት” የሚል ነበር። በልጅቷ ስም ስለወጣ ማን እንደላከው አላወቁም ይሆናል። “እባክዎን ከትምህርቱ ጋር የተያያዘ ጥያቄ ብቻ ያቅርቡ” ብለው መለሱ። እናትዎ ግን ሳምንቱን ሙሉ ፊቷ ሲያበራ ከረመ። “መለሰልኝ እኮ፤ እባክዎን አለኝ” እያለች እህል ለማስፈጨት ለሚመጣው ሁሉ አወራች። እኔም አላስቀየምኳትም። ደግሞም በየትምህርቱ መጨረሻ “ከወደዳችሁት አውራ ጣቷን ተጫኑልኝ” ሲሉ ጣቷን ይዤ አሳያትና እሷ ትጫን ነበር። ቀጥዬ እኔ በዚያው ዱቄት በምፈትንበት ጣቴ እጫን ነበር። ሁለት ሰው ነንና ሁለት ይቆጠርለት ብለን።

አምስተኛ። እናትዎ አልጋ ስትይዝ በምናውቀው የድሮ ቁጥርዎ ደወልን። ይጠራል፣ አይነሣም። ጸሐፊዬ ከቪዲዮው ሥር “እናትህ በጠና ታማለች፣ ደውል” ብላ ጻፈች፤ በማግስቱ ብታየው ጽሑፉ የለም። አጭበርባሪ መስላዎት ይሆናል፣ አልፈርድም፤ ወይም ከትምህርቱ ጋር ስላልተያያዘ ይሆናል። የቀበርናት ዕለት አዲስ ትምህርት አወጡ። ለቀስተኛው ሲበተን ወንበሯን ከአጠገቤ አድርጌ ብቻዬን ሰማሁት። ስለ መርሳት ነበር። መረቡን አዲስ ነገር ብቻ ሲመግቡት የድሮውን ጨርሶ ይረሳል፣ መድኃኒቱም የድሮውን ምሳሌ አልፎ አልፎ እየመለሱ ማሳየት ነው አሉ። እኔም ጸሐፊዬን ጠርቼ ወረቀት አምጪ አልኳት። ይህ ደብዳቤ የድሮው ምሳሌ ነው።

ስለሆነም ለክቡርነትዎ የማቀርበው ልመና ትንሽ ነው። ትምህርቱን እንደገና ይቅረጹ ብዬ አላደክምዎትም። “ሟች” የምትለዋ ቃልም እንድትባክን አልፈልግም። ከእኔ ላይ አንሥተው ወደ እናትዎ ያዛውሯት። እዚያ ትክክል ናት። እኔን “አባቴ” ብለው ቢያስቀሩኝ ይበቃኛል። ቤቱ አልተቀየረም፤ ወፍጮው ከሩቅ ይሰማል፣ ድምፁን ተከትሎ የመጣ ሰው አይጠፋም።

ሥራዎ እንዲቃናልዎ፣ ተማሪዎችዎ እንዲበዙልዎ፣ ጠያቂ እንዳያጡ እየተመኘሁ፣
ከሞትኩበት ሆኜ የማከብርዎ፣
ባለወፍጮው አባትዎ።
(ጣቴን ቀለም ነክሬ አትሜበታለሁ፤ ዱቄት ስላለበት ይቅርታ።)

ማስታወሻ፦ ጸሐፊዬ ይህን ስትጽፍ አራተኛው ላይ ስትደርስ አቀረቀረችና፣ በአንድ ስልክ ላይ ሁለተኛው ሰው ሲጫን የመጀመሪያውን እንደሚያጠፋው ነገረችኝ። ለካስ እናትህ የሰጠችህን ሁሉ ወዲያው ተከትዬ የማጠፋብህ እኔ ነበርኩ፤ ከሁለታችንም አንድም አልደረሰህም። ከእንግዲህ አታስብ። ብቻዬን ነው የምጫነው፣ ይቆጠርልሃል።