ዳገት ላይ የከዳው ካምቢዮ

የካቲት 9 ቀን

ለድምቡሼ ልጄ፤

እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም፤ እንዴት እንደሆንክ እህትህ ነግራኛለች። ሥራ መግባት ትተሃል አሉ። በርህን ዘግተህ፣ መጋረጃህን ጋርደህ፣ «እናቴን የገደላት እኔ የላክሁት መኪና ነው» ትላለህ አሉ። እህትህ እኔ ልጻፍልህ ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ፊደሌ ቢንጋደድም ይህን በገዛ እጄ ነው የምጽፈው።

የሆነውን ልንገርህ። የዚያን ዕለት ጠዋት እናትህን ትንፋሽ አጠራት። ከኋላ ወንበር አስተኛኋት፤ እህትህ ጭንቅላቷን ታቅፋ ተቀመጠች። ሐኪም ቤቱ ዳገት ላይ ስንደርስ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም። ነዳጅ ብሰጠው፣ ብሰጠው፣ ጩኸት ብቻ። ከዚያ ወደኋላ መንሸራተት ጀመረ፤ በፍሬን ያዝኩት። እናትህ ያን ሁሉ ሆና፣ «አንተ ሰውዬ፣ እንደ እንቁላል ይዘኸውም አኮረፈህ?» አለችኝ። መኪናው ከመጣ ጀምሮ ተጠንቅቄ ስለምነዳው ስትስቅብኝ ነበር። ሌላ መኪና አስቁመን ልናዛውራት ስንል አለፈች። ያችው ቀልዷ የመጨረሻ ቃሏ ሆነች።

አሁን ደህና አድርገህ አንብብ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዕድሜ ልኬን ጭነት መኪና ስነዳ፣ ነዳጅ ይቆጥባል ብዬ ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቼ መልቀቅ ለምዶብኛል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ደግሞ እንዲህ ሲያደርጉት ዘይቱ በደንብ አይዳረስም፤ ውስጡ ይቃጠላል። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። መኪናህ ሲመጣ ምንም አልነበረበትም።

እህትህ መካኒኩ ያለውን ትነግርህ ይሆናል፤ ካምቢዮውን ፈትቶ የከሰለውን ሲያሳየኝ አጠገቤ ቆማ ሰምታለች። «አባባ፣ ይሄ ሳይሸጥላችሁ በፊት ያለቀለት ነው» አለ። «ሻጩ ዘይቱን ቀይሮ፣ ውጭውን ወልውሎ ነው የሰጣችሁ። የቅንጦት መኪና ሲያረጅ እንዲህ ነው፤ ወንበሩ እንዳማረ ካምቢዮው ይከዳል።» አትስማው። የትናንት ልጅ! እኔ እያለሁ ስለ መኪና ማን ይናገራል? «በል መልሰህ ግጠመው፣ አፍህንም ዝጋ» ብዬዋለሁ።

አንተ ታውቀኛለህ። ከእናትህ ጋር ያን ያህል ዘመን ስንኖር አንድ ቀን «አጠፋሁ» ብያት አላውቅም። ግድግዳ ገጭቼ እንኳ ጥፋቱ የግድግዳው ነው ያልኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለው ሰው በገዛ እጁ አጠፋሁ ብሎ ከጻፈ፣ ማመን ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ጠዋት ጠዋት እወለውለዋለሁ። የኋላውን በር ግን አልከፍተውም፤ ሻርፗ እዚያው ወንበሩ ላይ ነው።

መጋረጃህን ክፈት። ፊትህን ታጠብና ሥራህ ግባ። መቆጣት ካለብህ እኔን ተቆጣ፤ ካሻህም አትጻፍልኝ፤ እኔ እችለዋለሁ። እናትህ ስትመርቅህ የኖረችው ሁሉ ይድረስህ፤ የእኔንም እላዩ ላይ ጨምርበት።

መኪናህን ያበላሸው
አባትህ