የጉማራ ውሃ በሚያዝያ

ሚያዝያ 25 ቀን 2010 ዓ.ም.
ከጉና ሥር

ለልጄ ለስርጉት፣

ደኅና ነሽ ወይ፣ የኔ ዓለም? እኛ ደኅና ነን፤ ከደኅናም በላይ ነን። ጉማራ በሚያዝያ እየፈሰሰ ነው። ጎረቤታችን ውቤ ከሐሙሲት ገበያ ሲመለስ፣ «ወርቁ፣ ውሃው ከድልድዩ ሥር ወደ ጣና ሲወርድ በዓይኔ አየሁት» አለኝ። ከዚህ በፊት በዚህ ወር እዚያ የነበረው አሸዋ ብቻ ነው።

የግብርና ባለሙያ ሆነሽ የመጣሽ ጊዜ ትዝ ይለኛል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር በሰው ሁሉ ፊት፣ «አባየ፣ ምንጩ ላይ የተከሉት ባሕር ዛፍ ውሃውን እየጨረሰው ነው፤ ይነቀል» አልሽኝ። እኔም፣ «ያሳደግኋት ልጅ እኔን ልታስተምረኝ» ብዬ አዋረድኩሽ። ሥራሽን ለቀሽ ሐዋሳ ገባሽ።

በዓመቱ ምንጩ ደረቀ። እናትሽ ውሃ ፍለጋ ጀሪካን አዝላ ግማሽ ቀን ትጓዝ ጀመር። ልብ ካላየ ዓይን አያይም። ምሳር አንሥቼ ባሕር ዛፉን ከነጉቶው ነቀልኩት። ውቤም የራሱን ነቀለ፣ ሌላውም ተከተለ። ተራራውን ከከብት ከለከልን፤ ቄስ ሙላቴም ከብቱን የሚያስገባውን ሁሉ አወገዙ። ታዲያ መጀመሪያ ገመድ በጥሳ የገባችው የማን ላም ትመስልሻለች? የእኔው ቡሬ ናት። ቅጣቴ ዐሥር ቀን እርከን መሥራት ሆነ፤ አገር ሳቀብኝ። ዐሥሩ ቀን ሲያልቅ ግን አልተውኩም። ሁለት በጋ ሙሉ ትከሻዬ እስኪላጥ ድንጋይ ተሸክሜ ቦረቦሩን ከተርኩ።

አምና ምንጩ ተመለሰ፤ ወደ ጉማራም ወረደ። ዘንድሮ የታች አገር ገበሬዎችም የውሃ ሞተራቸውን በተራ ለማስነሣት ማሉልን። ይኸው ወንዙ ሐይቁ ደረሰ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ጽድ ሥር ተሰብስበን ሳለ ውሃውን የሚያከፋፍል የውሃ አባት ሁን አሉኝ። ተነሥቼ፣ «ይህን አስቀድማ የተናገረች ልጄ ስርጉት ናት፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ። እናትሽ እልልታዋን አቀለጠችው።

የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ የተበደለው እግር ላይ እንደሚወድቅ ታውቂያለሽ። ውቤ ግን አባት ለልጁ አይሸከምም ይላል። ላለፈው ፋሲካ ባትደርሺም ለክረምቱ ነይና ከምንጩ እስከ ቦረቦሩ ድረስ ያለውን ድንጋይ እይው። ለውሃው ብቻ አልነበረም የተሸከምኩት።

ከፍ ከፍ ያድርግሽ፤ በሄድሽበት ሰው አይጥፋብሽ።

አባትሽ ወርቁ